ግራም በግራም፦ በራድዮ የሚታዘዘውን ሞዴል አይሮፕላን የማቅለልና መልሶ የመሥራት ታሪክ

በራድዮ የሚታዘዝ ሞዴል አይሮፕላን በብዙ ሰው ዘንድ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ አስተያየት ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው፤ የበረራ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በሞዴል ነውና። የሰው ልጅ በሞተር ኃይል ከመሬት ለመነሣት ከመቻሉ ከብዙ ዓመታት በፊት በመዳፍ ላይ የሚቀመጡ መሣሪያዎች አየሩን ቀዝፈውታል። እነዚህ ትናንሽ መሣሪያዎች ለመሐንዲስ የሚያቀርቡለት ጥያቄም ትልልቆቹ ከሚያቀርቡለት የተለየ አይደለም። ይኸውም አንድ አካል ሳይሰበር ምን ያህል ሊቀል ይችላል? የሚለው ነው። በትልቁ አይሮፕላን ላይ ጥያቄው በቶን፣ በትንሹ ላይ ደግሞ በግራም ይጠየቃል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በ1871 በፓሪስ በቱዊለሪ የአትክልት ሥፍራ በሕዝብ ፊት ያበረሯት ሞዴል 16 ግራም ብቻ ትመዝን ነበር። ኃይሏን የምታገኘው ከተጠማዘዘ ላስቲክ ሲሆን 11 ሰከንድ ያህል በአየር ላይ ቆይታ 40 ሜትር ገደማ ተጉዛለች። ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሳሙኤል ላንግሌይ በእንፋሎት ሞተር የሚሠራውን 5ኛ ሞዴላቸውን በሜይ 6 ቀን 1896 በፖቶማክ ወንዝ ላይ አስፈንጥረው ለቀቁት፤ እርሱም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በረረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር 6ኛው ሞዴል ወደ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ሄደ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ 6ኛ የተባለው ሞዴል ከመነሻው አዲስ ሆኖ የተሠራ አልነበረም። ቀድሞ ያልተሳካለት 4ኛው ሞዴል እየፈረሰና እየተሻሻለ እንደገና ሲሠራ ከድሮው አካሉ የቀረው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አዲስ ቁጥር ተሰጠው እንጂ። ስለሆነም መልሶ መሥራትና የሞዴል ታሪክ ገና ከጅምሩ የማይነጣጠሉ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ላንግሌይ በዚህ ውጤት ተበረታተው ሰው የሚጭን አይሮፕላን አሠሩ። በ1903፣ በኦክቶበር 7ና በዲሴምበር 8 ቀን የተደረጉት ሁለቱም ሙከራዎች ግን በወንዙ ውስጥ በመውደቅ ተፈጸሙ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተጽፏል። ከሁሉ በላይ የሚታወሰው ግን ማንኛውም መሐንዲስ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ርዝመት በሁለት ሲባዛ የክንፍ ስፋት በአራት፣ ክብደት ግን በስምንት ይባዛል። በትንሹ ላይ በቂ የነበረው ጥንካሬ በትልቁ ላይ በቂ አይሆንም። የዚህ ሕግ ግልባጭ ደግሞ ለሞዴል ሠሪው የተሰጠ ጸጋ ነው። ትንሽ አካል በተፈጥሮው ጠንካራ በመሆኑ ለመቅለል የሚያስችል ሰፊ ቦታ አለው፤ አብዛኛው ሠሪ ግን በዚህ ጸጋ ሳይጠቀም ይቀራል።

ራድዮ በመጣ ጊዜ ችግሩ በረታ። በ1930ዎቹ የነበረው መቀበያ በቫልቭ የሚሠራ ነበር። ቫልቩ የሚያስፈልጉት ባትሪዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ አንደኛው የቫልቩን ማሞቂያ ሽቦ የሚያግል፣ ሌላው ደግሞ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ። ከሞተሩና ከነዳጁ በተጨማሪ ይህን ሁሉ የተሸከመ አይሮፕላን ለመብረር ሳይሆን ጭነት ለማጓጓዝ የተሠራ ይመስል ነበር። በ1937 በዲትሮይት ከተማ በተደረገው የአሜሪካ አገር አቀፍ ውድድር በራድዮ ለሚታዘዙ ሞዴሎች የተሰጠውን ሽልማት ያገኙት ቼስተር ላንዞ ናቸው። የእርሳቸው ሞዴል ከቀረቡት ሁሉ ቀላሉና ያልተወሳሰበው ሲሆን 6 ፓውንድ፣ ማለትም 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በአየር ላይ የቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች፣ የፈጸማቸው ትእዛዞችም አንድ ሁለት ብቻ ቢሆኑም፣ የተራቀቀ መሣሪያ የጫኑት ተወዳዳሪዎች ይህን እንኳ ሊያደርጉ አልቻሉም።

በተከታዮቹ ዓመታት ስማቸው የገነነው በሚቺጋን ግዛት የካላማዙ ከተማ ነዋሪ የነበሩት መንትያዎቹ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ ነበሩ። ዊሊያም የራድዮ አዋቂ፣ ዋልተር የሞዴል ሠሪ ነበሩና ሥራውን እንደየሙያቸው ተካፈሉት። «ቢግ ገፍ» ያሉት አይሮፕላናቸው የክንፉ ርዝመት 2.4 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ወደ 3.9 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ነበር። በ1938፣ በ1939ና በ1940 በተከታታይ አሸንፈዋል፤ ከጦርነቱም በኋላ በ1947 ድሉን ደግመውታል። መሪውን ያንቀሳቅስ የነበረው ሞተር አልነበረም፤ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር አንድ እርምጃ ብቻ እንዲፈታ የተገደበ የተጠማዘዘ ላስቲክ ነበር። የፔኖ ላስቲክ ከ60 ዓመታት በኋላ በሌላ ሥራ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ይህ አይሮፕላን በ1960 ለስሚዝሶንያን ሙዚየም ተሰጥቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው የራድዮው ታሪክ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። በ1938 ሬይቴዎን የተባለው ኩባንያ ለሞዴሎች መታዘዣ እንዲያገለግል ያወጣው አነስተኛ ቫልቭ መቀበያውን በአንድ ቫልቭ ብቻ እንዲሠራ አስቻለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ትራንዚስተር ያንን ከባድ የከፍተኛ ቮልት ባትሪ ፈጽሞ አስቀረው። በ1960ዎቹ የሠሪው እጅ በተንቀሳቀሰ መጠን መሪውም በዚያው መጠን የሚንቀሳቀስበት ዘዴ ተስፋፋ፤ ከሚሌኒየሙ መባቻ ወዲህም የሊቲየም ባትሪና ብሩሽ አልባ የኤሌክትሪክ ሞተር ተተኩ። ዛሬ መቀበያው ራሱ ጥቂት ግራም ብቻ ይመዝናል። ሆኖም ግን ሞዴሎች በራድዮው መቅለል መጠን አልቀለሉም። ክብደቱ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ እንጨቱ፣ ወደ ሙጫውና ወደ ቀለሙ ገባ። ይህ እንዴት እንደሚሆን በዝርዝር መመልከት ይገባል።

በመጀመሪያ እንጨቱ ነው። የሞዴል አይሮፕላን አጥንት የባልሳ እንጨት ሲሆን በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። ባልሳ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከአንድ ኪዩቢክ ሜትር ባልሳ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን አለ፤ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝንም አለ። ሁለቱም ለዓይን አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 91 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሉክ ከቀላሉ ዓይነት ከሆነ 15 ግራም ያህል፣ ከከባዱ ከሆነ 29 ግራም ይመዝናል። ለአንድ መካከለኛ ሞዴል 20 ሉክ ያስፈልጋል ቢባል፣ እንጨቱን ሳይመዝን የሚገዛና መዝኖ የሚገዛ ሰው ገና መቁረጥ ሳይጀምሩ በመካከላቸው ወደ 290 ግራም የሚደርስ ልዩነት ይኖራል። ሚዛን የሞዴል ሠሪ የመጀመሪያ መሣሪያ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው፤ ቢላዋና ብርጭቆ ወረቀት ከእርሱ ቀጥለው ይመጣሉ።

ሁለተኛው ጥገና ነው። አይሮፕላን ይወድቃል። በወደቀ ቁጥር ባለቤቱ የተሰበረውን በሙጫ ያያይዛል፤ ዳግመኛ እንዳይሰበርም በላዩ ኮምፖርሳቶ ይደርባል። የተደረበው ክፍል ከዚያ በኋላ ባይሰበርም በሚቀጥለው አደጋ ከጎኑ ያለው ይሰበራል፤ እርሱም በተራው ይደረብለታል። ሽፋኑ ሲቀደድ በአሮጌው ላይ አዲስ ይለጠፋል፤ ቀለም በቀለም ላይ ይቀባል። ሞተሩ በሜታኖልና በጉሎ ዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከጭስ ማውጫው የሚረጨው ዘይት በአፍንጫው ዙሪያ ያለውን እንጨት ዓመት በዓመት እያራሰ ይገባዋል። በዚህ አኳኋን አምስትና ስድስት ዓመት ያገለገለ አይሮፕላን ተወልዶበት የነበረውን ክብደት ረስቶታል። ባለቤቱ ግን ይህን አያውቅም፤ አይሮፕላኑ «ሰነፈ» ይላል፣ ሞተሩንም ይወቅሳል። ከዚያም የበለጠ ኃይል ያለው፣ እርሱም የሚከብድ ሞተር ይገዛለታል።

ሦስተኛው ጭራው ነው፤ ከሁሉም የሚያታልለው ይህ ነው። አይሮፕላን ሚዛኑን ጠብቆ የሚበረው የክብደቱ ማዕከል በተወሰነ ቦታ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ከዚህ ማዕከል እስከ ጭራው ያለው ርቀት 75 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ አፍንጫው ያለው 25 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በጭራው ላይ 10 ግራም ሙጫና ቀለም የጨመረ ሰው ሚዛኑን ለመመለስ በአፍንጫው ላይ 30 ግራም እርሳስ መጨመር ይገደዳል። የጨመረው 10 ሳይሆን 40 ግራም ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ተስፋም አለ፤ ስሌቱ ወደ ኋላም ይሠራልና። ከጭራው 10 ግራም ያስወገደ ሰው ከአፍንጫው 30 ግራም እርሳስ ነቅሎ ይጥላል።

እውነተኛ መልሶ መሥራት ከጥገና የሚለየው በዚህ ነው። ጥገና በነበረው ላይ መጨመር ሲሆን፣ መልሶ መሥራት ግን በመቀነስ ይጀምራል። አሮጌው ሽፋን ሙሉ በሙሉ ይገፈፋል፤ አካሉ ዕርቃኑን ይመዘናል፤ ዘይት የጠጣው እንጨት ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። ከዚያም ሠሪው በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ጣቱን እያሳረፈ ይህ ክፍል የሚሸከመው ምንድን ነው? ብሎ ይጠይቃል። ኃይሉ ሁሉ የሚያልፍበት የክንፉ ዋና አግዳሚ አይነካም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይጠናከራል። የክንፉ ጎድኖች ግን የክንፉን ቅርጽ ከመያዝ በቀር ብዙ ሥራ ስለሌላቸው መካከላቸው ይበሳል። በደረቱ ያለው ወፍራም ኮምፖርሳቶ ማረፊያ እግሮቹ ከሚያያዙበት ቦታ በስተቀር በባልሳ ይተካል። እርሳሱ ይነቀልና ባትሪው ራሱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሥራ የማይሠራ ክብደት በሚሠራ ክብደት ይተካል ማለት ነው። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከአንድ ቦታ 100 ግራም የሚገኝበት ዕድል አይኖርም፤ ከአምሳ ቦታ ሁለት ሁለት ግራም ይለቀማል እንጂ።

ይህ ሁሉ ድካም የሚያስገኘው ምንድን ነው? 2,500 ግራም የነበረ ሞዴል 2,000 ግራም ቢሆን፣ ሳይወድቅ ሊበር የሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት በአንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። በአየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ኃይል ግን ከሩብ በላይ፣ 28 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚያው ዝቅተኛ ፍጥነት ቢወድቅ ደግሞ ከመሬት ጋር ሲጋጭ የሚይዘው ጉልበት ከቀድሞው 64 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳይሰበር ተብሎ በክብደት የተጠናከረው አይሮፕላን በተጠናከረበት መጠን ራሱን ለመስበር የሚያስችል ጉልበት ያጠራቅማል፤ የቀለለው ግን በቀላሉ ወድቆ በቀላሉ ይነሣል። ይህ እውነት በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ግልጽ ነው። አይሮፕላኑን ከሣር ውስጥ የለቀመ ሰው ግን እጁ ሳይታወቀው ወደ ሙጫው ይሄዳል።

ይህን ልማድ በመገልበጥ የታወቁት አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ማክሪዲ ናቸው። በልጅነታቸው ሞዴል ሠሪ ነበሩ፤ በኋላም በ1956 በሞተር አልባ አይሮፕላን የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። በሰው ጉልበት ብቻ በረራ አድርጎ ግማሽ ማይል በሚራራቁ ሁለት ምልክቶች ዙሪያ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ለሚሠራ አይሮፕላን በ1959 የታወጀው የክሬመር ሽልማት በ1970ዎቹ 50,000 ፓውንድ ስተርሊንግ ደርሶ ነበር። በብሪታንያ የተሠሩት ቀደምት ተወዳዳሪዎች በጥንቃቄ የተወለወሉ፣ ለዓይን የሚያስደስቱ ሥራዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በተሰበሩ ጊዜ ጥገናቸው ረጅም ጊዜ ይወስድ ስለነበር ከአንድ ስሕተት ተምሮ ወደሚቀጥለው ለመሸጋገር ወራት ይጠፉ ነበር። ማክሪዲ የሠሩት «ጎሳመር ኮንዶር» ግን በአሉሚኒየም ቧንቧ፣ በሽቦና በስስ ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። የክንፉ ርዝመት 29 ሜትር ሲሆን ክብደቱ ከ32 ኪሎ ግራም አይበልጥም ነበር፤ የቧንቧዎቹም ግድግዳ በኬሚካል ተበልቶ እንዲሳሳ ተደርጓል። ሲወድቅ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ በጥቂት ቧንቧና በማጣበቂያ ፕላስተር ተጠግኖ ይነሣል፤ በተነሣም ቁጥር አንድ ነገር ተለውጦለት ይነሣል። በዚህ አሠራር በኦገስት 23 ቀን 1977 በካሊፎርኒያ ሻፍተር በተባለ ቦታ፣ በብራያን አለን እግሮች እየተገፋ ሽልማቱን ወሰደ። ተከታዩ «ጎሳመር አልባትሮስ» በጁን 12 ቀን 1979 ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ባሕሩን በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ተሻገረ። ማክሪዲ ያሸነፉት ከሌሎቹ የተሻለ አይሮፕላን ስለ ሠሩ ነው ከማለት ይልቅ በፍጥነት መልሶ ሊሠራ የሚችል አይሮፕላን ስለ ሠሩ ነው ማለት ወደ እውነቱ የቀረበ ነው።

ሞዴል ሠሪዎች በየሜዳቸው ሲያደርጉት የነበረው ማቅለል እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየው ግን የሜይናርድ ሂል ሥራ ነው። ሂል በ1926 በፔንሲልቬንያ ግዛት ተወለዱ፤ በሙያቸው የብረታ ብረት ሊቅ ሲሆኑ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ አገልግለዋል። በ1970 የሞዴላቸውን ከፍታ ከ8,000 ሜትር በላይ አድርሰዋል። በዚያው የአሥር ዓመታት መጀመሪያ በከባቢ አየር ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ ልዩነት አማካይነት አይሮፕላን ጋደል ማለቱን አውቆ ራሱን የሚያቀናበት ዘዴ አስገኝተዋል። በሕይወታቸው ከ20 በላይ የዓለም ክብረ ወሰኖችን አስመዝግበዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያነሡት ሐሳብ ግን ብዙዎችን ፈገግ ያሰኘ ነበር፤ ሞዴል አይሮፕላን አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊያሻግሩ አሰቡ።

ሰው ያልተሳፈረበት አነስተኛ አይሮፕላን አትላንቲክን መሻገሩ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1998 ኤሮሶንዴ የተባለው ዓይነት የአየር ጠባይ መመርመሪያ ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ ስኮትላንድ ደርሷል። እርሱ ግን ሲነሣ ከ13 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ሂል የፈለጉት በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የሞዴል ሕግ ውስጥ ሆኖ መሻገርን ነው። ሕጉ ደግሞ ሞዴሉ ነዳጁን ጨምሮ ከ5 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ፣ የሞተሩም መጠን ከ10 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ያዛል። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አጠቃላዩ ክብደት በሕግ የተወሰነ በመሆኑ አካሉን ማቅለል አይሮፕላኑን አያቀለውም፤ ከአካሉ የተቀነሰው እያንዳንዱ ግራም ወደ ነዳጅነት ይለወጣል እንጂ። ስለዚህ ሂል ግራምን የሚቆጥሩት በኪሎ ሜትር ነበር።

አይሮፕላኑ ከባልሳና ከስስ ፕላስቲክ ሽፋን የተሠራ፣ የክንፉ ርዝመት ከ2 ሜትር ያነሰ ነበር። ለመልክ ተብሎ የተጨመረ ነገር አልነበረበትም። ሞተሩ ከገበያ የተገኘ ባለ አራት ምት የሞዴል ሞተር ሆኖ በሂል እጅ የተለወጠ ነበር። ነዳጁም የተለመደው ሜታኖል አልነበረም። ሜታኖል በአንድ ኪሎ ግራም የሚሰጠው ሙቀት ከቤንዚን ዓይነቱ ነዳጅ ግማሽ እንኳ አይሞላምና፣ በእርሱ ፋንታ ለካምፕ ፋኖስ የሚሸጠው ንጹሕ ነዳጅ ተመረጠ። በመነሻውና በመድረሻው ላይ ሰው በራድዮ ያዘዋል፤ በመካከሉ ግን በሳተላይት ቦታውን እያወቀ የሚመራ አውቶማቲክ መሣሪያ በ300 ሜትር ያህል ከፍታ ያስኬደዋል። ነዳጁ ከጠቅላላው ክብደት ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር።

በ2002ና በ2003 ቀድመው የተነሡት አራቱ አይሮፕላኖች አልደረሱም፤ ባሕሩ ዋጣቸው። ከተበላሸ አይሮፕላን መማር ይቻላል፤ ከጠፋ አይሮፕላን ግን ለመማር የሚቻለው እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ የላከውን መልእክት በማንበብ ብቻ ነው። ሂል በዚህ ጊዜ 77 ዓመት ሆኗቸዋል። ዓይናቸው በሕግ ማየት የተሳነው ከሚባልበት ደረጃ ደርሷል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ያም ሆኖ በኦገስት 9 ቀን 2003 ማታ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጫፍ በኬፕ ስፒር አምስተኛውን አይሮፕላን በእጃቸው አንሥተው ወደ ነፋሱ ወረወሩት። አይሮፕላኑ የሙከራ በረራ ይደረግበት በነበረው በሜሪላንድ የእርሻ ቦታ ስም «ስፒሪት ኦቭ በትስ ፋርም» ተብሎ ነበር።

በሌላው ዳርቻ፣ በአየርላንድ ክሊፍደን አጠገብ በማኒን የባሕር ዳርቻ የሞዴል ሠሪዎች አካዳሚ ፕሬዚዳንት ዴቭ ብራውን መታዘዣውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። በዚሁ አካባቢ በጁን 15 ቀን 1919 አልኮክና ብራውን አትላንቲክን ያለ ዕረፍት በመሻገር የመጀመሪያ የሆነውን በረራ ፈጽመው አርፈዋል። ሁለቱ ብራውኖች ሞክሼዎች መሆናቸው የታሪክ ጨዋታ ነው። ያ ከቦምብ ጣይነት የተለወጠ አይሮፕላን ወደ 3,900 ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ጭኖ ነበር። የሂል ሞዴል የጫነው ነዳጅ በአንድ የዘይት ጀሪካን ይገባል።

በኦገስት 11 ቀን 2003፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ትንሹ አይሮፕላን ከደመናው ሥር ብቅ አለ። ብራውን ከአውቶማቲኩ ተረክበው በሣሩ ላይ አሳረፉት። በአየር ላይ የቆየው 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሲሆን የተጓዘው ርቀት 3,030 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተመዘገበ። በሰዓት የጠጣው ነዳጅ 60 ግራም ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ሂል ከእንጨቱና ከሽፋኑ የለቀሙት እያንዳንዱ 60 ግራም 78 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሆኖላቸዋል። ሜይናርድ ሂል በጁን 2011 በ85 ዓመታቸው አረፉ። በማኒን ሜዳ ላይ ታንኩ ተከፍቶ ሲታይ የተገኘው ነዳጅ ከሁለት አውንስ፣ ማለትም ከ60 ግራም በታች ነበር።